ለአዲሱ ስልክ የተቀዳ ድምፅ

ጅማ የኖራችሁ ከሆነ ምናልባት ታውቁኝ ይሆናል። ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ያን ጊዜ ግን ስሜ የወጣው በጥገናው ሳይሆን በቴሌግራም ቻናሌ ነበር፤ ገና ያልወጡ ስልኮች ምን ይዘው እንደሚመጡ እገምታለሁ። አንዱንም በእጄ ይዤ አላውቅም። ከደንበኞቼ ስልኮች ሁሉ አሮጌው የኔ ነበር።

ዘዴዬን ዛሬ ልንገራችሁ። አንድ ኩባንያ አዲስ ስልክ ከማውጣቱ በፊት ከቨሩ ቀድሞ ገበያ ይገባል። ከቨር ሠሪዎቹ ልኩን ከየት እንደሚያገኙ እግዜር ይወቀው። አዲስ አበባ ዕቃ የሚልክልኝ ነጋዴ ገና ስልክ የሌለውን ከቨር አውቶቡስ ላይ ይጭንልኛል፤ እኔ ደግሞ ቀዳዳዎቹን በጣቴ እየዳሰስኩ «ካሜራው ሦስት ነው፤ የድምፅ ማጉያው ወደ ግራ ዞሯል» እያልኩ እለጥፋለሁ። ብዙውን ጊዜ ይሳካልኛል። የሰፈሩ ልጆች በኦሮምኛ «ራጋ» ይሉኝ ነበር፤ ነቢዩ ማለታቸው ነው፣ ያው ለማሾፍ። እኔም በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሱቄ ቀጥሎ፣ በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ ተለይተን፣ አባ ራያ ማር ይሸጣሉ። ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከየቡ የመጡ ናቸው፤ ከተማ ከገቡ ግን ብዙ ዘመናቸው ነው። ማራቸውን የሚገዛው ሰው ሁሉ ማር ፈልጎ ይመጣ ነበር ማለት ይከብደኛል። ድምፃቸውን ፈልጎ የሚመጣው ይበዛል። ሠርግ ያለበት፣ የተጣላ ያለበት፣ ቤት የሠራ፣ ሁሉም «አባ ራያ ይመርቁልን» ብሎ ይመጣል። በኦሮምኛ ይጀምራሉ፣ መሐል ላይ ዱአ ያስገባሉ፣ በየሐረጉ ቆም ይላሉ፣ ሰዉም «አሚን» ይላል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ሆኖም ሱቄን የከፈትኩ ቀን የመረቁኝ እሳቸው ናቸው። የቆምኩበት መሬት የጸና ያህል ነበር የተሰማኝ።

ያ ድምፅ መሻከር ጀመረ። «ጉንፋን ነው» አሉ። ክረምቱ አልፎ ጉንፋኑ አልለቀቀም። ልጃቸው ነኢማ አስተማሪ ናት፤ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። የተመለሱ ቀን አባ ራያ በቀጥታ ወደ ማራቸው ገቡ፣ ነኢማ ግን እኔ ሱቅ ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ካንሰር ነው» አለችኝ። «ጉሮሮው ውስጥ። አዲስ አበባ ሄዶ በቀዶ ጥገና ይውጣለት አሉ።»

«ከወጣ ይድናሉ?»

«ሊድን ይችላል። ግን ድምፅ የሚወጣበትን ነገር በሙሉ ነው የሚያወጡት፣ ዳዊት። ከዚያ በኋላ ማንሾካሾክ እንኳን የለም።»

ነኢማ ታጭታ ነበር። ሠርጉ ቡና ከተሰበሰበ በኋላ የቡ፣ በአያቶቿ ግቢ እንዲሆን ተቆርጧል። አባ ራያ የስንቱን ልጅ መርቀው ድረዋል፤ የቀረቻቸው የራሳቸው ልጅ ነበረች።

በማግስቱ ድምፃቸውን ቀድቼ ላስቀምጥ ብዬ ማር ቤታቸው ገባሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር።

«አባ ራያ፣ አሁኑኑ ለነኢማ ሠርግ ይመርቁ፤ እኔ እቀዳዋለሁ፣ የሠርጉ ቀን እንከፍተዋለን።»

ማሩን የሚቀዱበትን ማንኪያ አስቀመጡና አዩኝ። «ሙሽራው የታለ?»

«እንዴ፣ ለሠርጉ ቀን ነው እንጂ...»

«ሙሽራው የለም፣ ሽማግሌው የለም፣ አሚን የሚል ሰው የለም። ማንን ነው የምመርቀው፣ ግድግዳውን? ምርቃት ማር አይደለም ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በጣሳ ተሞልቶ አይቀመጥም። ሰው ፊት ቆመህ፣ ዓይኑን እያየህ፣ ያን ቀን የሚመጣልህን ነው የምትለው። ቀኑ ሳይደርስ ብመርቅ ሠርጉን የቀማኋት ነው የሚመስለኝ።»

ለመንኳቸው። ነኢማም ለመነቻቸው። አባ ራያ በዚህ ነገር ንቅንቅ የሚሉ ሰው አልነበሩም።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ከአንድ የሩቅ አገር ኩባንያ ስለሚወጣ አዲስ ስልክ ወሬው ደርቶ ነበር። የባለቤቱን ድምፅ ይማራል ተባለ። አንዴ ዓረፍተ ነገሮች ካነበብክለት በኋላ አንተ ትጽፋለህ፣ እሱ በራስህ ድምፅ ይናገራል። ኩባንያው ከስልኩ ምረቃ በፊት የለቀቀው ማስታወቂያ ላይ በብዙ ቋንቋ ሰላምታ ተጽፏል፤ ከእነሱ መሐል በኛ ፊደል «ሰላም» የሚል ነበር። ቻናሌ ላይ አጉልቼ ለጠፍኩት፤ ሰዉ ጉድ አለ። አማርኛ ሊገባ ነው ብለን ሁላችንም ገመትን። እውነትም ሌላ ምን ያስገምታል? ፊደላችን እዚያ ምን ይሠራል?

አባ ራያ ይህን ከሰፈር ልጆች ሰሙ። አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ያ ስልክ» አሉኝ በተሻከረ ድምፅ፣ «ያን ቀን የጻፍኩለትን ነው የሚናገረው?»

«እንደሚሉት ከሆነ አዎ።»

«ሠርጉ ቀን፣ ሙሽራው ፊት፣ እኔ እየጻፍኩ፣ በኔ ድምፅ?»

«አዎ፣ ግን በኦሮምኛ የሚሆን አይመስለኝም። ከገባም አማርኛ ነው። እሱም ግምት ነው፣ አባ ራያ። እኔ የማውቀው የከቨር ቀዳዳ ነው፤ ድምፅ በቀዳዳ አይታይም።»

«ረቢ አማርኛ ይሰማል» አሉ፣ ፈጣሪን ማለታቸው ነው። «ቀዳዳውን ስትገምት ተሳስተህ አታውቅም። ምን ላንብብለት?»

ስልኩ የሚመረቀው አዲስ አበባ ሊሄዱ በተቃረቡበት ሰሞን ነበር። ከወጣ በኋላ ለማስቀዳት ጊዜ አይኖርም፤ ስለዚህ ቀድመን መቅዳት ነበረብን። ለድሮዎቹ እንዲህ ያሉ ማሽኖች በሌላ ቋንቋ ድምፅ እንዴት እንደሚቀዳ አንብቤአለሁ፦ ጸጥ ያለ ክፍል፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ የቋንቋው ድምፆች በሙሉ የሚገኙባቸው። ሱቄን ዘግቼ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ዓረፍተ ነገሮቹን እኔው ጻፍኩ። ደራሲ አይደለሁም፤ የመጣልኝን ነው የጻፍኩት።

ሐኪሙ ብዙ እንዳይናገሩ ከልክሏቸዋል። ጠዋት ጠዋት ድምፃቸው ትንሽ ይጠራል፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፍርክስ ይላል። ስለዚህ በቀን ያለቻቸውን ጥቂት ድምፅ ይዘው ይመጡና እኔ ጋ ያራግፏታል። ሱቃቸው ሄዳችሁ ብትሆኑ፣ ደንበኛ ሲመጣ በእጃቸው ነበር የሚያስተናግዱት። ቤታቸውም እንደዚያው ነበር፤ ለማሽኑ ብለው ዝም አሉ።

«ድመቷ ሶፋው ላይ ተኛች» ያነባሉ። ቀና ይሉና «የማን ድመት?» ይላሉ።

«የማንም አይደለችም አባ ራያ፣ እንዲያው ነው።»

«ቤቱ ሰው የለም? ድመት ሶፋ ላይ?»

እስቃለሁ። ነኢማ ከጥግ ሆና ትስቃለች። «ፖሊሱ ጃንጥላውን ረሳ» የሚለው ላይ ደግሞ ፖሊስን «ቦሊስ» ብለው ሁላችንንም ፈተኑን። በርትተው ደጋገሙት። የስልሳ ዘመን የኦሮሞ አፍ በዚያች ሳምንት አልታጠፍም አለ። «ትኬት ቢሮው ከምሳ በኋላ ይከፈታል» የሚለውን ግን አንዴ ብቻ ነው ያነበቡት፤ በማዕረግ፣ ልክ እንደ ምርቃት ረገጥ ረገጥ አድርገው። ጨርሰው ቆም አሉ። የልማዳቸው ነው፣ አሚን የሚባልበትን ቦታ መተዋቸው።

ከቀረጻው የመጨረሻ ቀናት በአንዱ ነኢማ አላስቻላትም። «አባ፣ ተወው ይሄን! ከማሽን ጋር ስታወራ ልትሄድብኝ ነው? እኔን አውራኝ።»

አባ ራያ በእጃቸው ወደሷ ጠቆሙ፣ ከዚያ ወደ ጉሮሯቸው፣ ከዚያ ወደ ስልኩ። ላንቺ ነው ማለታቸው ነበር። ነኢማ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ወጣች። እኔም ቅጂውን አቋረጥኩ፤ እሳቸው ግን ቀጥል ብለው በጣታቸው ጠረጴዛውን መቱ።

የምረቃው ቀን ደረሰ። እነሱ አገር ከሰዓት በኋላ ነው፣ እኛ ጋ ጠዋት። ሱቄ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን፤ በር ላይ ግን የሰፈሩ ልጆች ታጭቀው ነበር። ኔትወርኩ ይሄዳል ይቆማል። መድረኩ ላይ የወጣው ሰውዬ ስለ ካሜራው ሲያወራ ዘመን የፈጀ መሰለኝ። ካሜራው ሦስት ነበር። ማጉያው ወደ ግራ ዞሯል። ልጆቹ «ራጋ! ራጋ!» እያሉ ጮኹ፤ አንዱ ትከሻዬን መታኝ። አባ ራያ ፈገግ ብለው አዩኝ። እኔ ግን የምጠብቀው ሌላውን ነበር።

ከዚያ የድምፁ ነገር መጣ። እውነት ነበር! አንዲት ሴትዮ ጻፈች፣ ስልኩ በሷ ድምፅ ተናገረ። ነኢማ ክንዴን ጨበጠችኝ። ከሰውዬው ኋላ ባለው ትልቅ ግድግዳ ላይ ሰላምታዎቹ በየቋንቋው እየበሩ ይጠፋሉ። የኛዋም ብልጭ አለች።

«ያውና!» አሉ አባ ራያ። «ሰላም ይላል!»

ቀጥሎ የሚሠራባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ወጣ። ምስሉን አቆምኩት። ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። ከታች ወደ ላይ አነበብኩ። በዓይኔ እያለፍኩት ይሆናል ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ደግሜ አነበብኩ። አማርኛ የለም።

«የታለ?» አሉኝ።

«የለም፣ አባ ራያ።»

«ግድግዳው ላይ አለ እኮ። አሁን አየሁት።»

«እሱ ጌጥ ነው።»

«ጌጥ?» ቃሉን የማያውቁት ይመስል አፋቸው ውስጥ አቆዩት። ነኢማ ማልቀስ ጀመረች።

«በሚቀጥለው ዓመት ያስገቡት ይሆናል» አልኩ። ለራሴም አስጠላኝ።

«ያኔ አንተ ቅጂው አለህ» አሉኝ። ድምፃቸው እዚያ ላይ አለቀ፤ የቀረውን በከንፈር ነበር ያሉት። ስልኬን በቀስታ ገለበጡና በፊቱ ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። ተነሥተው ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሄዱ። በዚያው ጠዋት ቻናሌ በምስጋና ተጥለቀለቀ። ግምቴ ልክ ነበር አሉ፤ ካሜራው፣ ማጉያው።

ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው አልተመለሰም። ከሹክሹክታ ያለፈ ነገር አልወጣቸውም። ነኢማ አዲስ አበባ ይዛቸው ሄደች። የሆነውን በኋላ ነው የነገረችኝ። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሊገቡ ሲሉ መድኃኒት ግዢ ተብላ ወደ ውጭ ተላከች። እየሮጠች ስትመለስ በሩ ተዘግቷል። አስተኝታ የወሰደቻቸው ነርስ «ነኢማ ነኢማ እያሉ ይጠሩ ነበር፤ እንደምንም ድምፅ አውጥተው» አለቻት። የመጨረሻው ድምፃቸው ያ ነበር። እሷ አልሰማችውም።

ጅማ የተመለሱት አንገታቸው ላይ በስስ ጨርቅ የተሸፈነ ቀዳዳ ይዘው ነው። በእሱ በኩል ይተነፍሳሉ። ደህና ነበሩ፣ ይበላሉ፣ ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን ትከሻ ብቻ ነበር። አንድ ከሰዓት ነኢማ ሱቄ መጣች።

«ዳዊት፣ ከዚያ ከቀዳሃቸው ውስጥ እኔን የሚጠራበት አለ?»

«ምን?»

«ነኢማ ብሎ። በስሜ። አንዴ ብቻ ቢሆንም።»

እየከፈትኩ አዳመጥን። ድመቷ ተኛች። ፖሊሱ ረሳ። ጥቁሩ ጃኬት ቁምሳጥን ውስጥ ነው። አውቶቡሱ ጠጠር መንገድ ላይ ቆመ። በመሐል ያወሩትን፣ የተሳሳቱትን፣ «የማን ድመት» ያሉትን እንኳን ያኔውኑ አጥፍተነው ነበር፤ ማሽኑ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው የሚፈልገው ተብሎ። እስከ መጨረሻው ሰማን። ስሟ የለም። አንዲት የኦሮምኛ ቃል እንኳን የለችበትም።

«ምንም አይደል» አለች። «ስጠኝ ሁሉንም።» ላክሁላት። ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

ሠርጉ በቀጠሮው የቡ ላይ ሆነ። ቡናው ከማድረቂያ አልጋው ተነሥቶ፣ ግቢው ተጠርጎ፣ ትልቅ ዳስ ተጥሏል። ሞንታርቦው የኔ ኃላፊነት ነበር፤ ዘፈን እየቀያየርኩ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ምሳ ተበላ። ሙሽሮቹ መሐል ላይ ቆሙ። ዘፈኑን አጥፋ አሉኝ። አጠፋሁ።

ሽማግሌዎቹ ተነሡና በልማድ ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞሩ። ዓይናቸው አባ ራያ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው ያስታወሱት። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሊተካቸው ነው መሰለኝ። አባ ራያ ግን ተነሥተዋል። ሙሽራው ፊት ቆሙ፣ ዓይኑን አዩት። ነኢማን አዩ። እጃቸውን ዘረጉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የአንገታቸው ጨርቅ ሲርገበገብ ብቻ ነው የሚታየው። የት ላይ አሚን እንደሚባል ማንም አላወቀም። ቆሙ። እንደ ልማዳቸው ቆም አሉ፣ ጠበቁ፣ ማንም ምንም አላለም። ከሴቶቹ መሐል ለቅሶ ተሰማ።

ያኔ ወደኔ ዞሩ። ጣታቸውን ወደ ስልኬ ጠቆሙ።

አልገባኝም። ዘፈን የፈለጉ መሰለኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በጣታቸው ጉሮሯቸውን ነኩ፣ ከዚያ እንደገና ስልኩን።

«አባ ራያ» አልኩ ተጠግቼ፣ «ቅጂውን? እሱ እኮ... የቱን?»

ትከሻቸውን ነቀነቁ። የትኛውም ይሁን፣ ግድ የለም።

ማይኩን ወደ ስልኩ አስጠጋሁና ጣቴ ያረፈበትን ተጫንኩት። ከሞንታርቦው ያ ድምፅ ወጣ። ያ የምናውቀው፣ ቢሻክርም ሙሉ የሆነው ድምፅ። ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እንደነቃ ሰው ቀና አለ።

«ትኬት ቢሮው... ከምሳ በኋላ... ይከፈታል።»

ከዚያ ቆም አለ።

«አሚን!» አለ ግቢው በሙሉ።

የየቡ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ አማርኛ አይሰሙም። የሚሰሙትም ግን አሚን ብለዋል፤ እኔም ብያለሁ። አባ ራያ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ ሙሽሮቹን እያዩ፣ በከንፈራቸው የራሳቸውን ምርቃት ይላሉ፤ ሲጨርሱ በዓይናቸው ምልክት ይሰጡኛል፣ እኔ እጫናለሁ። ድመቷ ሶፋው ላይ ተኛች። አሚን። ፖሊሱ ጃንጥላውን ረሳ። አሚን! ከጎኔ የቆሙት፣ ከተማ ያስተማሩ የነኢማ አጎት፣ እያንዳንዷ ቃል ትገባቸዋለች። እንባቸው በጺማቸው እየወረደ ለድመቷ አሚን አሉ። ነኢማ በሻርፗ ውስጥ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም። አባቷ መጨረሻ ላይ ሁለት እጃቸውን ፊቷ ላይ አሳረፉ። እሷ ምን እንዳሏት ታውቅ ይሆናል። እኛ አናውቅም።

አባ ራያ በቀጣዩ ክረምት አረፉ። በሽታው ሌላ ቦታ ተደብቆ ነበር። ማር ቤቱን ዛሬ ሌላ ሰው ልብስ ይሸጥበታል፤ ቆርቆሮው ግድግዳ ያው ነው። አንዳንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከወዲያ በኩል የሚያስሉ ይመስለኝና ጆሮዬን አቀናለሁ።

ቻናሉን ዘግቻለሁ። የተናደድኩበት የለም። ኩባንያው ቃል አልገባልንም፤ እኛ ነን ከአንዲት ጌጥ ላይ ተስፋ የቀዳነው። ከቨሮቹ አሁንም ይመጣሉ፤ ልጆቹ «ራጋ፣ ቀጣዩ ምን ይዞ ይመጣል?» ይሉኛል። አላውቅም እላቸዋለሁ። የሚመጣውን እያሰላን የነበረንን ድምፅ ጨረስነው፤ እኔን የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። ነኢማ ስሟን በአባቷ ድምፅ ዳግመኛ አትሰማም። ከዚህ በኋላ ማንም የሚያወጣው ማሽን ይህን አይመልስላትም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ጥሩ ስልክ እስክትገዙ አትጠብቁ። በያዛችሁት፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀው፣ ዛሬ ማታ እናታችሁን ቅዱ። ቁም ነገር ባይናገሩም ግድ የለም። ለእራት ይጥሯችሁ፣ የት አምሽተህ ነው ብለው ይቆጡ። ብቻ ስማችሁን ሲጠሩ ቅዱት።